ተበጠሰ የተባለው ቱቦ

አባቴ ሴይቼንቶዋን፣ አሮጌዋን የጣልያን መኪናውን፣ እንድሠራት ሲፈቅድልኝ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ፍሬኗን እንዳልነካ። «ከግቢ ለማትወጣ መኪና ፍሬን ምን ይሠራላታል?» አለ። እኔ ሳቅሁበት። ዕድሜውን ሙሉ ከመቀስና ከመርፌ በቀር መሣሪያ ያልጨበጠ ልብስ ሰፊ ስለ መኪና ሲመክረኝ ምን ላድርግ? ለእኔ መፍታትና መግጠም እንጀራዬ ነው። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ ተበላሸ የተባለ ነገር ፊቴ ካለ ሳልፈታው አላልፍም። ትዳሯንም እንዲሁ ፈታችው እያለ አባቴ ይቀልድብኛል።

መኪናዋ ከቤታችን ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሸራ ለብሳ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆማለች። ትንሽዬ ናት፤ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ቀለሟ ድሮ ውሃ ሰማያዊ ነበር። የበሮቿ ማጠፊያ እንደ ዛሬ መኪኖች ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፤ ሲከፈቱ ፊታቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ። አባቴ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ ጣልያን ነው የገዛት። ሸራውን ስገልጠው ጎማዎቿ ከአፈሩ ጋር ተጣብቀው፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበት፣ የወለሏ ብረት ደግሞ እንደ ደረቀ ቂጣ በጣት የሚሰበር ሆኖ አገኘሁት።

ለምን እንደቆመች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ገድላለች። ያን ቀን እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። አባቴ በገበያ ቀን የሰፋውን ልብስ ጭኖ ወደ አርሲዋ ደራ ይወጣ ነበር፤ ገበያው ካልቀናው እስከ ሁሩታ ይዘልቃል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ስለነበር የኋላው ወንበር በዩኒፎርም እስከ ጣሪያው ታጭቋል። ደራ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ከእናቱ ጋር በመንገዱ ዳር ወደ ገበያ ይሄድ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ገጨነው። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ጓ ያለ ድምፅ፤ የአባቴ እጅ ቀሚሴን ከደረቴ ላይ ጨምድዶ ሲይዘኝ፤ ከዚያ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሳትጮህ፣ ከልጇ እግር የወለቀውን ጫማ መልሳ ልታጠልቅለት ስትታገል።

አባቴ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ያለው አንድ ነገር ነው፤ የፍሬኑ ቱቦ ተበጠሰብኝ። ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ መለሰ። ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ያየ ሰው አልነበረም፤ እንደዚያ እያለቀሰ የሚናገርን ሰው ማን ይጠረጥራል? በአርሲ ግን ሰው ሲሞት፣ በአደጋም ቢሆን፣ ነገሩ በሕግ ብቻ አያልቅም፤ ጉማ አለ። ያጠፋው ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ ጥፋቱን እንደሆነው አድርጎ ይናገራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች አብረው ቀምሰው ይታረቃሉ። እስከዚያ ድረስ አንድ ጣሪያ ሥር ውሃ እንኳ አይጠጡም። ከካሳው የሚበልጠው እውነቱ ነው፤ እውነት ያልተነገረበት ጉማ ጉማ አይደለም። ሽማግሌዎቹ አባቴን አስምለው ጠየቁት። የፍሬን ቱቦ ነው ብሎ ማለ። የሟች ወገኖች ተቀበሉት፣ ታረቁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ መሪ አልጨበጠም። ልብሱን በሰው እየላከ ይሸጥ ጀመር። ሌላም የተወው ነገር ነበር፤ መቁረብ። እናቴ ልጆች አድገው፣ ዕድሜም ገፍቶ፣ አብረን እንቁረብ እያለች ስንት ዓመት ለመነችው። ባልና ሚስት አብረው ነው የሚቆርቡት፣ እሱ እምቢ ካለ እሷም ትቀራለች። «ገና ነኝ» ይላል። በሰባ ዓመቱ ገና ነው፣ በሰባ አምስት ዓመቱ ገና ነው። እኔ ክፉዋ ልጅ የሆነ ቦታ ሌላ ሴት ወይም ሌላ ልጅ አለው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እናቴ ሳትቆርብ ሞተች። በመጨረሻው ሳምንቷ እንኳ ፊቱን እያየች ትጠብቀው ነበር፤ እሱ ግን መስኮቱን ያያል።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ እሱ ቤት ገባሁ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አጥር የሚያይ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። መኪናዋን የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው። እሷ ከዳነች እሱም የሚያገግም መሰለኝ። የጅል ሐሳብ ነው፣ ግን ያኔ ከልቤ አምኜበት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እሠራለሁ። ሞተሯ ተነክሶ አልዞር ስላለኝ ዘይትና ናፍጣ እያጠጣሁ ሁለት ወር ጠበቅኋት። የበሰበሰውን ወለል ሰፈራችን ያለ ባትራ ላሜራ፣ የመኪና ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደልኝ፤ «ይህን ያህል ከደከምሽ አይቀር ባጃጅ አትገዢም ነበር?» እያለ። ከገበያ ያጣሁትን የሞተር ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ አባቴ ራሱ ሠራልኝ። አሮጌውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በጠመኔ ዙሪያውን አሠመረ፣ ከዚያ በዚያው የልብስ መቀሱ አንድ ፀጉር ሳያሳስት ቆረጠው። ቀጥሎ ወንበሮቹን ያዘ። ዓይኑ ደክሟልና ክሩን እኔ እየሰካሁለት፣ በእግር በሚረገጠው አሮጌ ማሽኑ ቡናማ ቆዳ መሰል ልብስ ሰፋላቸው። እነዚያ ሳምንታት ከእናቴ ሞት ወዲህ ያየናቸው ጥሩ ቀኖች ነበሩ። ሲዘምር ሰማሁት። እጁን ከስፌቱ ላይ ሳያነሣ ስለ እናቴ ያወራኝ ነበር፣ ሲተዋወቁ ቀሚሷን አሳጥሮ ሰፍቶባት ስድስት ወር እንዳኮረፈችው።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ አጨበጨበ። አባቴ ግን ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። እኔ በደስታዬ ልብ አላልኩትም። ፍሬን ብቻ ነው የቀረኝ። አትንኪ የተባልኩትን አልረሳሁም፤ ግን ሥራዋ ያለቀ መኪና ያለ ፍሬን ማቆም ለእኔ ዓይነት ሰው ሱሪ ሰፍቶ አንድ እግሩን መተው ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ቀጭን የመዳብ ቱቦ ገዛሁ፤ የተበጠሰውን ልቀይርበት።

አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት እሑድ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ቱቦው ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ተነሥቶ ወደ አራቱም ጎማዎች ይከፋፈላል። በማሽን ላይ ክር የት እንደተበጠሰ ስፈልግ እንደማደርገው፣ ከመነሻው ጀምሬ በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ወደ ፊት ቀኝ፣ ደኅና። ወደ ፊት ግራ፣ ደኅና። ወደ ኋላ፣ ደኅና። ሳላየው ቀርቼ ነው ብዬ ጎማዎቹን አወለቅሁ፣ በባትሪ እያበራሁ ደግሜ አየሁ። ፍሬኗን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ የተበጠሰ ቱቦ ቢኖር እንደተበጠሰ እዚያው ሊኖር ይገባል። የለም። የዚያን ዘመን ጭቃ እንደ ደረቀበት፣ ማሠሪያ ብሎኖቹ ቁልፍ ሳይነካቸው፣ ቱቦው ሁሉ ሙሉ ነው። የፍሬን ሸራዎቹም ገና ብዙ የሚሠሩ ነበሩ። ካርቶኑ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ቀረሁ። አባቴ ምሎ ነበር።

ነጠላውን እንዳጣፋ ሲገባ በረንዳው ላይ ጠበቅሁት።

«አባዬ፣ የተበጠሰው ቱቦ የታለ?»

«የምን ቱቦ?»

«የፍሬኑ። አራቱንም ጎማ አውልቄ አይቻለሁ። አንድም የተበጠሰ የለም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው። «አትንኪው ብዬሽ ነበር» አለ።

«ነክቼዋለሁ። ንገረኝ።»

ነገረኝ። ወደ ደራ ስንሄድ እኔ የበሩን መክፈቻ እነካካ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ። በሦስተኛው በሩ ተከፈተ። ያን ቀን በመንገዳችን ካለችው ከመልካሳ ጀምሮ ነፋስ ነበር፤ በሩን ነጥቆ ወደ ኋላ ወረወረው፣ መክፈቻውን እንደያዝኩ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። «በቀሚስሽ ያዝኩሽ» አለ። «በቀኝ እጄ አንቺን ስስብ በግራ እጄ የያዝኩት መሪ አብሮኝ ወደ ቀኝ ዞረ። ልጁን አየሁት፣ ልጄ። አየሁት። ብለቅሽ መሪውን እመልሰው ነበር። አልለቀቅሁሽም።»

በእኔ ትዝታ ውስጥ መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ እጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ከግጭቱ ሊያድነኝ የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት። በሩን ስለመንካቴ ዛሬም ድረስ ምንም አላስታውስም፤ ጣቶቼን እያየሁ ላስታውስ ሞክሬያለሁ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ልበል? ልጄ በሩን ከፈተች ልበል? ሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር በማግስቱ ገበያው ውስጥ ነው፣ በሳምንቱ አዳማ ነው። በሄድሽበት ሁሉ ልጅ ያስገደለችው ልትባዪ? ቱቦ ቢሰደብ አይሰማም።»

«ለንስሐ አባትህስ?»

«ለእሳቸው ከነገርኩ ሄደህ ለሟች እናት ተናገር ይሉኛል። ለእሷ ከተናገርኩ አንቺ ትሰሚያለሽ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።» ከዚያ መነጽሩን አደረገና «እናትሽ እንኳ አታውቅም» አለ።

ያን ቀን አለቀስኩ፣ ግን ከልቅሶው ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። እናቴ የባሏን ፊት እያየች የሞተችው በእኔ ምክንያት ነው። የተጠየቅሁት ነገር አልነበረም፣ የመረጥኩትም ነገር አልነበረም፤ ሳላውቀው ተከፈለልኝ። አባቴ እሳት እንደወለደች ላም ሆኖ ኖሯል፤ ብትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ይህን ስረዳ ላቅፈው ሲገባኝ ክርክር ጀመርኩ። አሁን እኔ ካወቅሁ ምን ቀረ? ሄደን እንንገራቸው፤ ንስሐህን ግባ፣ ቁረብ፣ በሰላም ኑር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩት።

«ጠርቶስ ምን ያደርግላታል?» አለኝ። «እሷ ተቀብላ ኖራለች።»

አልሰማሁትም። ሦስት ሳምንት ነዘነዝኩት፤ ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እግሩን ሳጥበው። ማሽን ላይ ቢሆን ልክ ነበርኩ፤ ብልሽቱ ከታወቀ መፍታት ነው፣ ማስተካከል ነው፣ መግጠም ነው። በመጨረሻ «ስትሞት በየትኛው አፍህ ነው ይቅር በለኝ የምትለው?» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ለእኔ ሲል በሐሰት ለማለ ሰው። አባቴ «እንሂድ፤ ሸሚዜን ካውያ አድርጊልኝ» አለኝ።

ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሄድን። አባቴ ከአዳማ እስከ ደራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጦ ነው የተጓዘው። ካስታረቁት ሽማግሌዎች አንዱ በሕይወት ነበሩ፤ እሳቸው ወደ እናትየው ቤት መሩን። ለምን እንደመጣን አልጠየቁም፣ የታረቀ ሰው ሊጠያየቅ ይመጣል።

እናትየው ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሰፌድ ቦሎቄ ይለቅሙ ነበር። ሸምግለዋል፣ ግን እጃቸው ፈጣን ነው። አባቴን ወዲያው አወቁት። «አካም ጂርታ» ብለው ደኅንነቱን እየጠየቁ ተነሡ፣ ነጋ ነጋ፣ ሰላም ሰላም፣ ተባባሉ፣ አግዳሚ አወጡልን፣ ወተት አቀረቡ። እኔን ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም፤ ሽማግሌ የምትደግፍ ልጅ ናት ብለው ይሆናል። አባቴ ወተቱን ሳይነካ መሬት ላይ አስቀመጠው። «እናቴ፣ መጀመሪያ ልናገር» አላቸው በኦሮምኛ። በገበያ የተማረው ኦሮምኛ ነው፣ ዋጋ ለመከራከር እንጂ እንዲህ ላለ ነገር የሚበቃ አልነበረም። እየተሰናከለ ሁሉንም ተናገረ። በሩን፣ ነፋሱን፣ ቀሚሴን፣ መሪውን። ቱቦው አልተበጠሰም አለ። በሐሰት ነው የማልኩት አለ።

የእናትየው ጣቶች ቦሎቄው ላይ ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ብዙ አዩኝ። በጥላቻ አልነበረም፤ ልብስ ሲለካ እንደሚታይ፣ ከራስ እስከ እግር። ከዚያ ለአባቴ ተናገሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

«ያን ጊዜ ከእርቁ ተመልሼ ምን እንዳልኩ ልንገርህ? ሲቢላ ነው አልኩ፤ ብረት ነው። ብረት ልብ የለው፣ ዓይን የለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅ። በብረት ቂም አይያዝም ብዬ ባሌን ዝም አሰኘሁ፣ ወንድሞቼን ዝም አሰኘሁ። ገበያ ስወጣ መኪና በአጠገቤ ያልፋል፣ ብረት ነው እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አረጀሁ።» ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱት። «አሁን ሰው ነው ትለኛለህ። ልጄን አይቶ የራሱን የያዘ ሰው። እኔም ብሆን የራሴን እይዝ ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ ዓይኔን ስከድን የማየው እጅህን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን የት ላስቀምጠው? ለምን አመጣህብኝ?»

ሽማግሌው እንደገና እንቀመጥ፣ እንነጋገርበት ሊሉ ጀመሩ። እናትየው በእጃቸው መለሷቸው። «ታርቀናል። እርቅ አይፈርስም» አሉ።

«እሱን አይውቀሱት» አልኩ። «እምቢ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ያኔ ልጅ ነበርሽ» አሉኝ። «አሁንስ?»

አባቴን ደግፌ አስነሣሁት። እስከ አጥሩ በር ሸኙን፣ እንደ ወጉ፤ ደኅና ግቡ አሉን። መንገዱ ላይ ሆኜ ዞር ስል ወደ ጥላው ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ ሰፌዱ ግን መሬት ላይ እንዳለ ነበር።

በመልሱ ሚኒባስ መስኮት ዳር አስቀመጥኩት። ገና ከደራ ሳንወጣ አባቴ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና እንቅልፍ ወሰደው። ከባድ እንቅልፍ ነው፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ዞረው ፈገግ አሉ። ፊቱ ቀሎት ነበር። እናቴ ስትጠብቀው የኖረችው ይህን ፊት ነው፣ እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ የነዘነዝኩት ለዚህ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የእሱን ሸክም ከላዩ አንሥቼ ማን ላይ እንዳኖርኩት ግን አውቃለሁ፤ ልጃቸውን የቀሙት እጆች ሁለት እንደሆኑ፣ አንዱ የአባቴ አንዱ የእኔ፣ ሄጄ ቤታቸው ድረስ ነግሬያቸዋለሁ። አዳማ እስክንገባ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥኩ።